ቺዝ ይላል፣ መሃሉ ግን አጓት ነው

እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። አረጋውያንን በሚንከባከብ ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። በቀደም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የአንድ ብስኩት ፎቶ ላከችልኝ። ኮሪደሩ ላይ ካለው መሸጫ ማሽን የገዛችው ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ ክራከሮች፣ በቁጥር ስድስት ጥንድ፣ በመሃላቸው ብርቱካንማ ክሬም። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ራት አልበላሁም። ይሄ ቺዝ ስላለው ሆድ ይይዛል አይደል?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ከመኪናቸው የማያጡት ነገር ይህ ብስኩት ነው። ወላጆች ጠዋት ሲጣደፉ የልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ጣል ያደርጉታል። ርካሽ ነው። ቶሎ አይበላሽም። ልጅ ሳይበላው ወደ ቤት አይመልሰውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ላዩ ላይ «ቺዝ» ተብሎ ተጽፏል። ቺዝ የወተት ነው፣ ወተት ደግሞ ጤና ነው ብለን ነው ያደግነው።

«እስቲ ጀርባውን ገልብጠሽ አንሺልኝ» አልኳት። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጀርባ የተነሳ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሮቹን አይደለም፤ ምግቡ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚናገረውን ደቃቅ ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ ሕግ አምራቹ የተጠቀመበትን ነገር በክብደቱ ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። ብዙ የገባው ፊት ይጻፋል፣ ጥቂት የገባው ኋላ። ይህችን አንዲት ነገር ያወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይሸወድም።

የእህቴ ብስኩት ላይ በአንደኝነት የተጻፈው የስንዴ ዱቄት ነው። ነጩ፣ ገለባው የወጣለት። ሁለተኛው ዘይት ነው። ከዚያ ስኳርና ከወተት የተገኘ ዱቄት ይከተላሉ። ቺዙ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ብስኩቶች ዝርዝራቸው ይህን ይመስላል። አንዳንዱ ላይ ቺዙን የምታገኙት ከጨው አጠገብ ነው። አስቡት፣ በስሙ የተሸጠው ነገር ከጨው ጋር ነው በክብደት የሚፎካከረው።

ያ ከወተት የተገኘ ዱቄት ምንድን ነው? እንግሊዝኛው ዌይ ይለዋል። እኛ አጓት እንለዋለን። እናቶቻችን አሬራውን ለስለስ ያለ እሳት ላይ ሲጥዱት አይቡ ይረጋና ይለያል። አይቡ ተጠልሎ ሲወጣ የሚቀረው ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ አጓት ነው። ልጆች ይጠጡታል። ለጥጃም ለውሻም ይሰጣል። ቤቷ የመጣ እንግዳ ፊት አጓት አስቀምጣ «አይብ ብላ» የምትል እናት ግን አላውቅም።

የፈረንጁ ቺዝ ሲሠራም ነገሩ ያው ነው። ከ10 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ቺዝ ይወጣል። የቀረው በሙሉ ማለት ይቻላል አጓት ነው። ፋብሪካዎች ይህን አጓት አድርቀው ዱቄት ያደርጉትና ለብስኩት፣ ለዳቦና ለጣፋጭ አምራቾች ይሸጡታል። አጓት መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ስፖርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በትልልቅ ባልዲ የሚገዙት የፕሮቲን ዱቄት ከእሱ ነው የሚሠራው። ግን እሱ ተጣርቶ አብዛኛው ስኳሩ የወጣለት ነው። ተራው የደረቀ አጓት ከ100 ግራሙ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው የወተት ስኳር ነው። ፕሮቲኑ 12 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የወተቱ ዋና ፕሮቲን ከቺዙ ጋር ሄዷል፤ አጓቱ ጋ የቀረው ትንሹ ነው።

ታዲያ ለምን እውነተኛ ቺዝ አይቀቡበትም? ስስት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ውሃ ነው። አንድ ቁራጭ የቼዳር ቺዝ ከሲሶው በላይ ውሃ ነው። ክራከር ደግሞ እንዲንኮሻኮሽ ውሃው ከሞላ ጎደል ተሟጦ መውጣት አለበት። ሁለቱን አጣብቃችሁ ብታሽጓቸው ውሃው ከቺዙ ወደ ብስኩቱ ይሄዳል። በጥቂት ቀን ብስኩቱ ይልፈሰፈሳል፣ ቺዙ ይሻግታል። መደርደሪያ ላይ ወራት መቆየት አይችልም። ስለዚህ ቺዙን አድርቀው ይፈጩታል። ዱቄቱን የሚይዝ፣ ውሃ የሌለበት፣ ግን እንደ ክሬም የሚቀባ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር ዘይት ነው። እንደ ኑግ ወይም እንደ ሱፍ ዘይት የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ክሬሙ ይንጠባጠባል። የሚረጋ ዘይት መሆን አለበት።

የሚረጋ ዘይት ሲባል ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ሰው ወዲያው ፓልም ይመጣበታል። ለዓመታት በድጎማ ይገባ የነበረው፣ ማለዳ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ የምናገኘው። ብስኩቱ መሃል ያለውም በብዛት እሱ ነው። ፓልም የሚረጋው ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ፣ ማሸጊያ ላይ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው፣ ስለሆነ ነው። የጠገበ ስብ ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ እንደሚያደርግ በደንብ የታወቀ ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ ዘይት ነበር፤ ትራንስ ፋት የሚባለውን የያዘው። እሱ ለልብ ከፓልምም የከፋ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2015 ደህንነቱ የተረጋገጠ ምግብ አይደለም ብሎ ወሰነበት፤ ከ2018 አጋማሽ ጀምሮም አምራቾች እንዳይጠቀሙበት ተደረገ። በዚህ በኩል የዛሬው ብስኩት ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው ይሻላል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ። እህቴ የገዛችው ዓይነት አንድ ጥቅል 38 ግራም ገደማ ይመዝናል። ካሎሪው ወደ 200 ነው። ስብ 10 ግራም አካባቢ፣ ከዚያ ውስጥ 3 ግራም ያህሉ የጠገበ። ካርቦሃይድሬት 22 ግራም ገደማ። ስኳር ከ4 እስከ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ። ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ግራም። ፋይበር አንድ ግራም እንኳ ለመሙላት የሚቸገር። ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ። ከብራንድ ብራንድ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መልኩ ግን አይለወጥም።

«ሆድ ይይዛል ወይ» የሚለው ጥያቄ መልሱ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ፕሮቲንና ፋይበር ናቸው ሆድ የሚይዙት። ከ200 ካሎሪ ውስጥ ከፕሮቲኑ የሚመጣው 12 ብቻ ነው። ግማሹ ገደማ ከዘይት ነው፤ ሌላው ከነጭ ዱቄትና ከስኳር። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70 ካሎሪ ገደማ ይዞ 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። 28 ግራም እውነተኛ ቼዳር 7 ግራም ፕሮቲንና 200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። እህቴ ቺዝ በልታ ቢሆን ኖሮ ያገኘችው ይህን ነበር። የበላችው ግን ዱቄትና ዘይት ነው፤ የቺዝ ሽታ ያለው።

አንድ ነገር ግን ለዱቄቱ ልመስክርለት። ዝርዝሩ ላይ ኒያሲን፣ አይረን፣ ቲያሚን፣ ሪቦፍላቪን፣ ፎሊክ አሲድ የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ኬሚካል ነው» ብሎ ይፈራቸዋል። እነዚህ ስንዴው ሲፈተግ የጠፉትን ለመተካት የሚጨመሩ ቫይታሚንና ማዕድናት ናቸው። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ፎሊክ አሲድ በበለጸገ ዱቄት ውስጥ እንዲገባ አስገድዳለች። በዚህ የተነሳ በየዓመቱ ወደ 1,300 የሚሆኑ ሕፃናት በአከርካሪና በአንጎል ላይ ከሚደርስ የአፈጣጠር ችግር እንደሚድኑ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ይናገራል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ጥቅም የዱቄቱ ነው። ከተራ ዳቦም ታገኙታላችሁ።

ጨው ላይ ቆም ልበል። እኛን የሚመለከተን እሱ ይመስለኛል። ከመካከላችን ደም ግፊት ያለበት ዘመድ የሌለው ማን ነው? ሶዲየም ከጨው ብቻ አይመጣም። ብስኩቱን የሚያነሳው ሶዳ ሶዲየም ነው። ክሬሙን የሚያስማማው ፎስፌት ብዙ ጊዜ ሶዲየም አለበት። ምራቅ የሚያስመጣው ሞኖሶዲየም ግሉታሜትም ስሙ ራሱ ይናገራል። ተደምሮ ነው 300 እና 400 የሚደርሰው። ለአዋቂ በአሜሪካ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 2,300 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2,000 በታች ይላል። አንድ ጥቅል ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ነው ማለት ነው፤ ብቻውን ቢሆን አያስደነግጥም። ግን ብቻውን አይደለም። እኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይጨመራል። ሹፌሩ ቀን ሁለት ጥቅል በልቶ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ለልጅ ሂሳቡ ይለወጣል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ የሶዲየም ጣሪያው 1,500 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ጥቅል ሩቡን ሊወስድ ይችላል፤ ያውም ምሳ ሳይበላ።

ስለ ልጆች ካነሳን አንድ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስዲኤ፣ ከ2014 ጀምሮ በትምህርት ቤት ውስጥ በትምህርት ሰዓት ለሚሸጡ መክሰሶች መለኪያ አውጥቷል። የመንግሥት የምሳ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይህን መለኪያ መከተል አለባቸው። አንድ መክሰስ ከ200 ካሎሪ መብለጥ የለበትም። ሶዲየሙ ከ200 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ከካሎሪው ከስብ የሚመጣው ከ35 በመቶ መብለጥ የለበትም። የእህቴን ብስኩት በዚህ ሚዛን ስታስቀምጡት በካሎሪው ጫፍ ላይ ነው። በሶዲየሙ ይወድቃል። በስቡም ይወድቃል። ትምህርት ቤቱ በማሽኑ እንዳይሸጠው የተከለከለውን ነው እንግዲህ እኛ ከቤት ቦርሳ ውስጥ ከትተን የምንልከው። ከቤት የሚላከውን የሚከለክል ሕግ የለም። ወላጅ ነው የሚያውቀው ተብሎ ነው። ወላጅ ግን ማን ነግሮት ያውቃል?

እዚህ ጋ ማሸጊያው ፊት ላይ የሚጻፈው ነገር ይመጣል። «በእውነተኛ ቺዝ የተሠራ» ይላል። ውሸት አይደለም። ቺዝ አለበት። ምን ያህል እንደሆነ ግን አይናገርም። በዚህ ጉዳይ የሚጠቀስ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። ኬሎግ የሚባለው ኩባንያ ቺዝ-ኢት የተባለውን ክራከር «በሙሉ እህል የተሠራ» ብሎ በትልቁ ጽፎ ይሸጥ ነበር። ዝርዝሩ ሲታይ በአንደኝነት የተቀመጠው ነጭ ዱቄት ነው። ከ29 ግራሙ ሙሉ እህሉ በአንዱ ዓይነት ሳጥን 5 ግራም፣ በሌላው 8 ግራም ብቻ ነበር። ገዢዎች ከሰሱ። ኩባንያው «ልኩ እኮ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል» ብሎ ተከራከረ። በ2018 ኒው ዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ክርክር አልተቀበለም። ገዢ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን የሚያሳስት ነገር ጎን ላይ ባለ ደቃቅ ጽሑፍ እንዲያርም አይጠበቅበትም ነው ያለው። እኔ ይህን ሐሳብ በጣም እወደዋለሁ። በተለይ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ፣ ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው ጥብቅና የቆመ ሐሳብ ነው።

ኤፍዲኤም ወደዚያ የሚወስድ እርምጃ ጀምሯል። በጥር 2025 አብዛኛው የታሸገ ምግብ ፊቱ ላይ ትንሽ ሳጥን እንዲኖረው ሐሳብ አቅርቧል። የጠገበ ስብ፣ ሶዲየም፣ የተጨመረ ስኳር፤ ለእያንዳንዳቸው «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከፍተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ከቀን ጣሪያው እስከ 5 በመቶ ዝቅተኛ ነው፣ ከ20 በመቶ ጀምሮ ከፍተኛ። ጥሩ ይመስላል። ግን የእህቴን ብስኩት አስልቼ አየሁት። የጠገበ ስቡ 15 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሶዲየሙ ከ13 እስከ 17። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ የተጨመረ ነው ብንል እንኳ 10 አይበልጥም። ሦስቱም «መካከለኛ» ይሆናሉ። ይህን ያየ ወላጅ «እሺ፣ ደህና ነው» ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ ይከተዋል።

ያው ጥቅል እስራኤል ቢሸጥስ? እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ቀዩን ክብ ምልክት ታውቁታላችሁ። ከ2020 ጀምሮ ሶዲየም፣ ስኳር ወይም የጠገበ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ይለጠፋል። በ2021 መለኪያው ጠበቅ አለ፤ በ100 ግራም ጠጣር ምግብ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም፣ ከ4 ግራም በላይ የጠገበ ስብ ወይም ከ10 ግራም በላይ ስኳር ያለበት ቀይ ያገኛል። ብስኩታችን በ100 ግራም ሲሰላ ሶዲየሙ 800 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ድንበሩን እጥፍ ያልፋል። የጠገበ ስቡ ወደ 8 ግራም ነው፤ እሱም እጥፍ። ስኳሩም ከ10 ግራም ትንሽ ያልፋል። በዚህ ሂሳብ ሦስት ቀይ ያገኛል።

አንድ ብስኩት፣ አንድ ዝርዝር፣ ሁለት ፍርድ። ልዩነቱ የመጣው ከመስፈሪያው ነው። አሜሪካ የምትለካው አንድ ሰው በአንዴ ይበላዋል በተባለው መጠን ነው። እስራኤል ግን ሁሉንም ምግብ በእኩል 100 ግራም ትሰፍራለች፤ ቺሊም እንደዚሁ። ትንሽ ጥቅል በአሜሪካው ስፍር ሁልጊዜ ትንሽ ጥፋት ያለበት ይመስላል። ሁለት ጥቅል የሚበላው ሰው ሂሳብ ውስጥ የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የ100 ግራሙ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሁለት ነገር ማወዳደር የሚቻለው መስፈሪያው አንድ ሲሆን ነው።

ሁለት ጥቅል መብላት ደግሞ የሆዳምነት ጉዳይ አይደለም። ብስኩቱ የተሠራው እንደዚያ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤተዝዳ ላይ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተደረገ ጥናት በ2019 ወጥቷል። ሃያ ጤነኛ አዋቂዎች እዚያው እያደሩ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ነበር። የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ የበለጠ በሉ። በሁለት ሳምንት ኪሎ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ክብደት ጨመሩ። በፍጥነት ነበር የበሉት። አንድ ክራከር አፋችሁ ውስጥ አስገቡና አስተውሉ። ሁለት ሦስቴ ሲታኘክ ይሟሟል። ቆሎ ግን አስር ጊዜ ቢታኘክም ገና ነው። ሆድ «በቃኝ» ለማለት ጊዜ ይፈልጋል፤ ብስኩቱ ጊዜ አይሰጠውም።

ሲዲሲ በነሐሴ 2025 ባወጣው መረጃ አሜሪካ ውስጥ ሰው ከሚያገኘው ካሎሪ 55 በመቶው ከእንዲህ ዓይነት እጅግ ከተቀነባበረ ምግብ ነው። ከ18 ዓመት በታች ባሉት ደግሞ 62 በመቶ ገደማ። እዚያ የሚያድጉ ልጆቻችን ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው ብዬ ራሴን አላታልልም።

በጾም ስለሚሆነው ደግሞ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቺዝ ያለበት እንደማይጾም ግልጽ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን በመሃሉ ኦቾሎኒ ቅቤ ያለበትን ለሁዳዴ ሲገዙ ነው። ቺዝ የለበትም ብለው ነው። ዝርዝሩ ሲታይ አንዳንዱ ውስጥ አጓት አለ፤ አንዳንዱ ክራከሩ ራሱ በቺዝ የተጋገረ ነው። «ወተት ይዟል» የሚለውን ደማቅ መስመር ፈልጉ። አምራቹ ዋና ዋናዎቹን አለርጂ የሚያስነሱ ምግቦች በግልጽ እንዲጽፍ ከ2006 ጀምሮ ሕግ ያስገድደዋል። ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ «ኢንዛይም» የሚለውን ቃል እያዩ ከየት እንደመጣ ማጣራታቸው ልክ ነው። ቺዝ የሚያረጋው ኢንዛይም ከጥጃ ጨጓራም ከፋብሪካም ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ አይለይም።

አለርጂ ካነሳሁ ዘንድ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ያላችሁ ይህን ስሙ። በሐምሌ 2025 ሞንዴሌዝ የተባለው ኩባንያ የሪትዝ የኦቾሎኒ ቅቤ ብስኩቶችን ከገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱ ማሸጊያው ነበር። ውስጡ ኦቾሎኒ የሆነ ትንንሽ ጥቅል ላዩ ላይ «ቺዝ» ተብሎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል ተባለ። የውጭው ካርቶን ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ልጅ እጅ የሚገባው ትንሹ ጥቅል ላይ ነው። ሲታወጅ የታመመ ሰው ሪፖርት አልነበረም። ያው ኩባንያ በ2018ም የሪትዝ ጥንድ ብስኩቶችን ሰብስቦ ነበር። ያኔ የተጠረጠረው ሳልሞኔላ ነው። የመጣውም ከሌላ አቅራቢ ከተገዛ የአጓት ዱቄት ነበር። ያ የማናየው አጓት ስንት ምርት ውስጥ እንደሚገባ ያኔ ነው ብዙ ሰው ያወቀው።

ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ይህን ብስኩት «ስኳሬ ድንገት ቢወርድ» ብለው ይይዙታል። ስኳር ሲወርድ መጀመሪያ የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም የግሉኮስ ከረሜላ። ብስኩቱ ውስጥ ያለው ዘይት የስኳሩን መግባት ያዘገየዋል። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለክታችሁ ከተስተካከለ በኋላ ግን፣ የምግብ ሰዓት ሩቅ ከሆነ ብስኩቱን መብላት ይቻላል። ኩላሊታቸው የታመመ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ «ፎስፌት» የሚል ቃል ካዩ ይጠንቀቁ። በፋብሪካ የተጨመረ ፎስፈረስ ከባቄላና ከጥራጥሬ ከሚገኘው በጣም በበለጠ መጠን ወደ ደም ይገባል።

በእርግጥ ይህ ብስኩት ሲጀመርም የሠራተኛ ምግብ ነበር። በ1913 ኖርዝ ካሮላይና ሻርሎት ከተማ የተቋቋመው ላንስ የተባለ ኩባንያ ኦቾሎኒ ሲሸጥ ቆይቶ ነው ጥንድ ክራከር ወደማምረት የገባው። በአካባቢው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ። ማሽን ጥለው ለረጅም ምሳ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች በኪስ የሚያዝ ነገር ያስፈልግ ነበር። ያኔ የበሉት ቀኑን ሙሉ ቆመው ይሠሩ ነበር። ዛሬም ያንን ቦታ የያዘው እረፍት የሌለው ሰው ነው፤ ሹፌር፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የሌሊት አስታማሚ። ስለዚህ «አትብሉት» ብዬ ለመፍረድ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም። ጊዜ ያጣ ሰው የሚበላው ያገኘውን ነው።

ለእህቴ የጻፍኩላት ይህን ነው። ብይው፤ ግን ራት ነው ብለሽ አትቁጠሪው። ከእሱ ጋር እውነተኛ ፕሮቲን ያዢ። የሽምብራ ቆሎ ካለሽ ከሁሉ ይበልጣል፤ ደረቅ ሽምብራ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ከ10 ግራም በላይ ፋይበር አለው። ለትንሹ ልጅሽ ግን እንዳትሰጪው፤ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቆሎም ኦቾሎኒም ሊያንቀው ይችላል። ለእሱ የቺዝ ቁራጭና ፍራፍሬ ቆራርጠሽ ላኪለት።

በማግስቱ ሌሊት እንደገና ፎቶ ላከችልኝ። ማሽኑ ውስጥ ታችኛው መደዳ ላይ ለካ የተቀቀለ እንቁላል ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆኖ የታሸገ። ከብስኩቱ ይወደዳል። ስድስት ወር ሙሉ በአጠገቡ አልፋለች፣ አይታው አታውቅም። እንቁላሉን በልታ ከክራከሮቹ ሦስቱን ጨመረች። የቀሩትን ሦስት ለሥራ ባልደረባዋ ሰጠቻት።